ጠመኔው እርጥብ ነው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይህን ለሰው በአፌ መናገር አልችልም... ስለዚህ እጽፈዋለሁ። አሁንም ንዴቴ አልበረደም።

ዛሬ ከሰዓት የታናሽ እህቴ የብርቄ መምህር «ወላጅ ይምጣ» ስላሉ ሄድኩ። እናታችን ኦጎልቾ ገበያ ናት። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ሲያየኝ የምሽኮረመም ነኝ... ግን ከእኔ ሌላ ማን አለ?

መምህሩ ተማሪው ሁሉ ፊት አቁመውኝ ሁለት ወረቀት አሳዩኝ። አንዱ እሁድ ቤት የሠራችው ነው፣ ቁልጭ ያለ። ሌላው ትናንት ክፍል ውስጥ የጻፈችው፣ ፊደሉ ሁሉ ከመስመር ወርዶ የተንጋደደ።

«ይሄ የተንጋደደው የሷ፣ ያኛው ያንቺ። አይደለም?»

«አይ ጋሼ... ሁለቱም የሷ ነው። ጠዋት ነዶ ስትሸከም እጇ...»

«ነዶ በትከሻ፣ ጽሕፈት በእጅ! ምን አገናኘው? በይ ንገሪያት፣ ከነገ ወዲያ አንደኛ ክፍል ትወርዳለች።»

ልጆቹ ሳቁ። እነሱም እኮ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት የገበሬ ማኅበሩን ገብስ ሲያስሩና ሲሸከሙ አርፍደው ነው ከሰዓት የሚማሩት። ብርቄ ማታ እንጀራ መቁረስ አቅቷት እኔ ነኝ የማጎርሳት።

መምህሩ ሌላ ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ነው የሚያዙት። ዛሬ ግን ካድሬው ሊጎበኝ ስለመጣ እሳቸውም ማጭድ ይዘው ሲያጭዱ አረፈዱ።

«ጽሕፈት እንዲህ ነው!» ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ጠመኔው ተሰበረ። ሌላ አነሱ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል... መስመሩ ከላይ ተነስቶ እየተንሸራተተ ሰሌዳው ግርጌ ደረሰ። እሳቸውም ትንሽ አዩትና...

«ጠመኔው እርጥብ ነው» አሉ።

ብርቄ ከኋላ ብድግ አለች። «የኔም እርሳስ እርጥብ ነበር፣ ጋሼ።»

አልቀለደችም። እሳቸውን ያዳነ ምክንያት እሷንም የሚያድናት መስሏት ነው። በማስመሪያ መዳፏን መቷት። ያንኑ የደከመ መዳፍ! እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ «ተዉ» እንኳ አላልኩም።

ነገ ጠዋት ወደ ማሳው አልሰዳትም። ከእንቅልፏ እንደተነሳች ዳይሬክተሩ ቢሮ ይዣት እሄዳለሁ፤ ባረፈ እጇ ፊታቸው ትጽፋለች። አላምንም ካሉ ግን... ዳይሬክተሩም ነዶ ተሸክመው ይመለሱና ስማቸውን ይጻፉልኝ።