የሚነጥቅ እጅ

ወንድሜ የመመረቂያ ጥናቱን መምህራኑ ፊት የሚያቀርብ ዕለት ከደራ ወደ አዳማ አብሬው ወጣሁ። ባለፈው አቅርቦ መልሰውታል። ዛሬም ከመለሱት ዘንድሮ ምረቃ የሚባል ነገር የለም።

መንገድ ዳር ቆመን እኔ ላይ ይለማመዳል። ብዙ ኤሌክትሮኖቹን የተገፈፈ አተም፣ እነሱ አዮን ይሉታል፣ ጋዝ ውስጥ እየበረረ ሲገባ ከጋዙ አተሞች ኤሌክትሮን ይነጥቃል።

«ፊት ለፊት ይላተማሉ?» አልኩት።

«የግድ አይደለም። አጠገቡ ሲያልፍ መንጭቆ ይሄዳል።»

«ሌባ ነዋ!»

«የጎደለው ነው። ዝም ብለሽ ስሚ።»

ባለፈው የጣለው አንድ ጥያቄ ነው፦ አዮኑ እጅግ ሲፈጥን መንጠቁ ለምን ይቀንሳል? ቀመሩን ጻፈላቸው። ምክንያቱን በቃልህ ንገረን ሲሉት አፉ ተያዘ።

እኛ ዘንድ የሚኒባስ ረዳት ሰው አይለምንም፣ ዕቃ ይቀማል። ዕቃህ የገባበት መኪና ውስጥ ወደድክም ጠላህም ትገባለህ። አጠገባችን የቆመ ሚኒባስ ረዳት የእኔን ፌስታል ወስዶ ወንበር ላይ ወርውሮታል። ልንገባ ስንል ከአሰላ በኩል ባዶ ሚኒባስ እየከነፈ መጣ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አዳማ ቀጥታ! ኮቱ! ኮቱ! ኑ ግቡ!» እያለ፣ መኪናው ሳይቆም የወንድሜን የላፕቶፕ ቦርሳ በማንገቻው ያዘው።

ማንገቻው አንገቱ ላይ ነበር። ወንድሜ ተጎተተ፣ ከዚያ በአገጩ አስፋልቱ ላይ ተደፋ። ማንገቻው ተበጠሰ። ቦርሳው ከረዳቱም እጅ አምልጦ ነጠረና የኋላ ጎማ ወጣበት። ሲደቅ ሰማሁት።

የእኛ ረዳት ድንጋይ አንስቶ የሚኒባሱን የኋላ መስታወት አረገፈው። መኪናው ቆመ፣ ያኛው ረዳት ዘሎ ወረደና ተያያዙ። እኔም ጠቡ ውስጥ ገባሁ። በጫማዬ አናቱን አልኩት፣ እጁን እስኪደማ ነከስኩት። ጎድኔን በክርኑ ሲለኝ ትንፋሼ ቆመ።

«ኧረ ይቺ ሴት ናት?» ብሎ ጮኸ።

«ጅብ ናት፣ ሩጥ!» አለው የእኛው ረዳት።

ዞር ስል ወንድሜ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል። ደሙ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል፣ ዓይኑ የተጨፈለቀው ቦርሳ ላይ ነው።

«አልያዘውም» አለኝ።

«ላፕቶፕህ አለቀለት እኮ!»

«አየሁ። ቀስ ብሎ ቢያልፍ ይዞት ይሄድ ነበር። በዚያ ፍጥነት ግን ቦርሳው እኩል ካልሮጠለት አብሮት መሄድ አይችልም። ከእኔ ነቀለው፣ ለራሱም አላስቀረው።»

አብዷል ብዬ ክንዱን ይዤ መኪና ውስጥ ከተትኩት።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስንደርስ ከሦስቱ መምህራን አንደኛው ሸሚዙን አይቶ «ሌላ ቀን ይሁንልህ» አለው። «ዛሬ ነው» አለ ወንድሜ፤ ጠመኔ አነሳ። ግራፎቹን ጎማ በልቷቸዋል፣ ስለዚህ በእጁ ሣለ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር መንጠቁ ቁልቁል የሚወርድ መስመር። ያው ጥያቄ መጣ። የአስፋልቱን ነገር አንድም ሳያነሳ መለሰ፦ ኤሌክትሮኑ የአዮኑን ሩጫ ካልደረሰበት አይያዝም፣ ቢነቀልም ከሁለቱም ውጪ ይቀራል።

ኮሪደር ላይ ጠብቁ አሉን። እሱ አገጩን በሶፍት ይጫናል፣ እኔ ጎድኔን ይዤ እንጎራደዳለሁ።

በሩ ተከፈተ። «ግራፎቹን በኮምፒውተር ሠርተህ ታስገባለህ። አልፈሃል።»

ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፈኝ መጣ። በሁለት እጄ ገፋሁት፤ ጎድኔ እሳት ነበር።