የመጣው ናፍጣና የተፈለገው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት በመሐል ሜዳ ከተማ በነዳጅ ቢሮው ሦስት ነበርን። ኃላፊው አቶ ደምሴ መስኮቱ አጠገብ፣ ሾፌሩ በሩ ላይ፣ እኔ ወንበር ስላልነበረኝ ከመደርደሪያው ጎን ቆመናል። ጉሙ በተከፈተው መስኮት እየገባ ወረቀቱን ያርሳል።

«ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሰሻል አይደል? እንግዲህ የሚመጡትን ዐሥር ዓመታት ትጽፊያለሽ» አሉኝ አቶ ደምሴ።

«ጠንቋይ ተቀጠረልን በሉኛ!» አለ ሾፌሩ።

ሥራዬ የነዳጅ ትንበያ ነበር። ካለፉት ዓመታት ሽያጭ ተነሥቼ አካባቢው ወደፊት ምን ያህል ናፍጣ፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ እንደሚፈልግ እገምታለሁ። ኮታ የሚመደበው በዚሁ ነው። የድፍድፍ ነዳጅ የዓለም ዋጋ ከበላይ መሥሪያ ቤት በሦስት ግምት ተሰልቶ ይመጣል፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ።

በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ አኖራለሁ፤ በማስመሪያ አያይዛለሁ። መስመሩ ካለፈው ዓመት ተነሥቶ ወደ ባዶው ወረቀት ሲዘልቅ፣ ጓሳ ተራራ ላይ ጉም ውስጥ የሚገባ ሰው ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ እርሳሴን ይዤ፣ አይቼው ስለማላውቀው ባሕርና በላዩ ስለሚያልፉት መርከቦች ሳስብ ሰዓቱ ይሄዳል። በኋላ ኮምፒውተር መጣ። መስመሩ ያው ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ ከቢሯችን ኮታ በሚደርሳት በራቤል ከተማ የናፍጣ ወፍጮ ያላቸው እትዬ ዘነበች ቢሮ ድረስ መጡ። የመጨረሻው ትንበያዬ ያን ሳምንት ሊላክ ነበር። የራቤል መስመር ቁልቁል ይወርዳል። የዓለም ዋጋ ስለ ጨመረ ሰው ናፍጣ እየተወ ነው ብዬ ጽፌ ነበር።

«እቴ፣ ራቤል ናፍጣ አይፈልግም ያልሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«ሽያጩ ቀንሷል፣ እትዬ።»

«ሳይመጣ ምኑ ይሸጥ? ወፍጮዬ ላይ ዶሮ ሰፍሯል እኮ! ሴቱ እህሉን እያመጣ ይመልሳል። ይህ ወረቀት ከሄደ እዘጋዋለሁ።»

በማግሥቱ ራቤል ሄድኩ። በማደያው ግቢ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ባለቤቶቹ የሉም። ተራቸው እንዳያልፍ ትተዋቸው ይሄዳሉ። በየእጀታው ምልክት ታስሯል፤ ቀይ ክር፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የገመድ ጫፍ። በጉሙ ውስጥ ዝም ብለው የቆሙ ሰዎች ይመስሉ ነበር። በፊተኞቹ ዙሪያ ሣር በቅሏል።

በዚያ ግቢ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ። ሁልጊዜ ያየሁት የሽያጩን ደብተር ነበር። አሁን ጀሪካኖቹን ቆጠርኩ፤ ወፍጮ ቤቶቹንም እየዞርኩ ጠየቅሁ።

ተመልሼ መስመሩን እንደገና ሠራሁት። ወደ ላይ ወጣ። ወረቀቱን ለአዲሱ ኃላፊ ለሙሉጌታ ሰጠሁት፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል።

«እማማ፣ ይህ ከታረመ እኮ ያለፉት ዓመታትም ስህተት ነበሩ ማለት ነው።»

«ነበሩ።»

«የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ሊወጡ ነው። ስምዎን ይዘው በሰላም ቢወጡ ምናለ?»

ወረቀቱን መልሼ ወሰድኩና ከታች ጻፍኩበት፦ «በእጥረት ዓመት የሽያጭ ደብተር የሚያሳየው የመጣውን ነው፤ የተፈለገውን አያሳይም። ሳያገኝ የተመለሰው ሰውም ይቆጠር። ያለፉት ትንበያዎች ስህተት የእኔ ነው።» ፈረምኩ።

ሙሉጌታ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ማህተሙን አወጣ።

ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።