ጠበል የሌለው ተራራ

የተያዝኩት ከቦሰት ተራራ ስወርድ ነው። የጫማዬ ጥቁር አቧራ ሳይራገፍ አዳማ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ጓደኞቼ ቀድመውኝ ወርደው ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የተገኙት ገመድና የሩቅ ማያ መነጽር መርማሪውን አስደሰቱት።

"ገዳም የለበት፣ ጠበል የለበት፤ ምን ልትሠራ ወጣህ?"

"ለመዝናናት።"

"ተራራ እየቧጠጠ የሚዝናና ጤነኛ ሰው አለ?" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እናቴም የምትለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ሳቁን ተወና ቁርጡን ነገረኝ። የወጣነው ለውጊያ ልምምድ ነው ብዬ ከፈረምኩ፣ የጓደኞቼንም ስም ከጠራሁ እፈታለሁ፤ እምቢ ካልኩ እከርማለሁ። እስከ ጠዋት አስብበት ተባልኩ።

ክፍሉ ላብና ሽንት ይሸታል። በልማዱ አዲስ ገቢ የሚቀመጠው ባልዲው አጠገብ ነው። ፈርቼ ነበር፤ መፈረምም አምሮኝ ነበር። ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

"ቦሰት? ቤቴ እኮ ከሥሩ ነው። እዚያው ተወልጄ እዚያው አረጀሁ፤ ጫፉን ግን አላውቀውም። ለከብት ውሃ የለው፣ ምን ልሠራ እወጣለሁ? ምን አለ እላይ?"

"እንዴት ብዬ ልንገርዎ፣ አባባ..."

"ዝም ብለህ ንገረኝ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።"

ነገርኳቸው። እላይ አድረን ፀሐይ ስትወጣ መጀመሪያ የጭላሎ ጫፍ እንደሚቀላ፣ ቆቃ ሐይቅ ከጨለማው ውስጥ ነጥቶ ብቅ እንደሚል፣ ፈንታሌ በማዶ ብቻውን እንደሚቆም። ድንጋዩን ስነካው ምድር ከውስጥ እንደምትሞቅ፣ ንስሮች ከእግራችን በታች ሲዞሩ ጀርባቸውን ማየታችንን።

ካርታ የሚጫወቱት እስረኞች ጨዋታቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር።

"የንስር ጀርባ? ከላይ?" አሉ ሽማግሌው።

"ከላይ። ፀሐይ ስታርፍበት ያበራል።"

"ያ ረቢ!" ብለው አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ከዚያ፣ "ነገ ሲጠይቁህ ይህንኑ ንገራቸው። ምንም እንዳትጨምርበት" አሉኝ።

ጠዋት መርማሪው ወረቀቱን ገፋልኝ።

"ለምን ወጣህ?"

"ለማየት" አልኩት። ወረቀቱን ሳልፈርም፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጄ መለስኩለት።

ከረምኩ። ክስ ሳይመሠረትብኝ ወጣሁ፣ ለምን እንደታሰርኩም የነገረኝ የለም። አሁንም እሁድ እሁድ ቦሰት እወጣለሁ። ባለፈው ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጣቢያውን በዓይኔ ስፈልግ ቆየሁ። አዳማ በሙሉ መዳፌ ሥር ትገባለች፤ ጣቢያው የቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።