ለሲጋሮቼ ቤት ስፈልግ

ሲጋር ማጨስ የጀመርኩት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ በሚተውበት ዕድሜ እኔ ጀመርኩ። ጥፋተኛው ፔዳ ኮሌጅ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ባልደረባዬ ነው። ልጅነቱን ኩባ ተምሮ ያደገ ሰው ነው፤ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ሃያ አምስት ሲጋር የያዘ ካርቶን አስታቀፈኝና «በሳምንት አንድ፣ ከዚያ በላይ እንዳትነካ። ደግሞ እንዳይደርቁብህ» ብሎኝ ሄደ። በሳምንት አንድ አልከበደኝም። «እንዳይደርቁብህ» ያላት ነገር ግን ወራት ሙሉ አሯሯጠችኝ።

ሲጋር ከሲጋራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሲጋራን ኪስህ ውስጥ ረስተኸው ብትከርም ያው ሲጋራ ነው። ሲጋር ግን የተጠቀለለ ቅጠል ስለሆነ አየሩ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አየሩ ሲረጥብ ይሻግታል። ባሕር ዳር ደግሞ ሁለቱንም ታውቅበታለች። በመጋቢት ከንፈር የሚሰነጥቅ ንፋስ ይነፍሳል፤ በሐምሌ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ኮት እንኳ ሻጋታ ያወጣል። እኔ የዋሁ፣ ሐይቅ አጠገብ እየኖርኩ እርጥበት አይቸግረኝም ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሲጋር እጄ ላይ ሲንኮሻኮሽ ነው የባነንኩት።

ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ሂውሚዶር የሚባል ሳጥን አለ። ስልኬ ላይ ፎቶውን እያየሁ ስንት ጊዜ ምራቄን ዋጥኩ! እዚህ ግን ማን ያመጣዋል? በብስኩት ቆርቆሮ ጀመርኩ፤ ስከፍተው ውስጡ በላብ ተጠምቆ ጠበቀኝ። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ፣ የአትክልት መሳቢያው ውስጥ ደበቅኳቸው። ባለቤቴ ከነጭ ሽንኩርቱ ጎን አገኘቻቸውና «ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ እኔ ልውጣ» አለች። እውነቷን ነው፤ ያን ሳምንት ያጨስኩት ሲጋር ወጥ ወጥ ይል ነበር።

ቀጥሎ አንድ የቤት ዕቃ አናጢ ዘንድ ሄጄ የጥድ ሳጥን አሠራሁ። ጥድ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ሽታውም ደስ ይላል፤ ክቡር ነገር በጥድ ነው የሚቀመጠው ብዬ ተኩራራሁ። ኩራቴ አሥር ቀን ቆየ። በአሥራ አንደኛው ቀን አንዱን ስለኩሰው አፌን የሞላው የጥድ ሙጫ ነው። የሚነድ ቁም ሳጥን የምስብ መሰለኝ። ክዳኑም ቢሆን ጥፍር ያሳልፍ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን መልሱን የሚያውቅ ሰው እዚያው ቤቴ ውስጥ መኖሩ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በፈትል ክፍል፣ የአየሩን እርጥበት ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አየሩ ከደረቀ ክር ይበጠሳል፣ ከረጠበ ይጣበቃል፤ የእሳቸው እንጀራ ያንን ልክ መጠበቅ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። በረንዳው ላይ ተቀምጠው «ዛሬ አየሩ ክር ይበጥሳል» ይላሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ የሚጠይቃቸው የለም።

እኔስ ለምን አልጠየቅኳቸውም? እንደማጨስ አያውቁማ! ሁለት ልጆች ያሉኝ፣ ጠጉሬ የሸበተ መምህር ነኝ፤ ግን አባቴ ፊት ማጨስ ማለት ለእኔ አባቴ ፊት ሱሪዬን ማውለቅ ማለት ነው። እሳቸውም በአባታቸው ፊት እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠው አያውቁም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆሜ እንደ ሌባ ነበር የማጨሰው። ቢያዩኝ አይቆጡም፤ ዝም ይላሉ። እኔ የምፈራው ያንን ዝምታ ነው።

አሥራ ሁለት ሲጋር ሲቀረኝ ጨነቀኝና ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ እርጥበት ይዞ የሚቆይ ሳጥን እንዴት ነው የሚሠራው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው እንዲያ በርቶ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

«ምን ሊቀመጥበት?»

«ዘር።»

«ዘርማ ደረቅ ነው የሚወድ። እርጥበት ካገኘማ ይበቅልብሃል።»

«ማለቴ... ቅጠል።»

«የምን ቅጠል?»

«የጥናት ቅጠል። ለኮሌጁ።»

«እ...» አሉና ራቅ አድርገው ወደ ሐይቁ አዩ። «የጥናት ቅጠል ከሆነማ በጥድ አይሆንም፤ ሽታው ይጋባበታል። ዋንዛ ነው የሚሻል።»

ስለ ጥዱ ሳጥን አንድም ቃል አልነገርኳቸውም ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ውሸቴ ስላለፈልኝ ብቻ ደስ አለኝና አላሰብኩበትም።

በማግስቱ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ጠበቁኝ። «አናጢ ዘንድ አንሄድም» አሉ። «አናጢ መልክ ነው የሚያይ። ጀልባ ሠሪ ዘንድ ነው የምንሄድ። ውሃ የማያስገባ ሰው እርጥበትም አያስወጣም።»

ጀልባ ሠሪው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ሙስሊም ነው። ሐይቁ ዳር የተገለበጠ ጀልባ ሥር ተንጋሎ ሚስማር ሲመታ አገኘነው። አባቴ የፈለጉትን ሲያስረዱት ከት ብሎ ሳቀ።

«ወላሂ፣ እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ውሃውን ውጭ ለማስቀረት ነው። ውስጥ አስቀር ስባል የመጀመሪያዬ ነው!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለመሆኑ ምን ሊገባበት ነው?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ ኮስተር ብለው «የጥናት ቅጠል» አሉ። «ለኮሌጁ።»

ሳንቃ መምረጡ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። አባቴ እያንዳንዱን የዋንዛ ሳንቃ ያንኳኳሉ፣ ያሸታሉ፣ ጉንጫቸው ላይ ያስጠጋሉ። «ይኼ ገና ጥሬ ነው፤ ይጣመማል። ይኼ ደግሞ ዓሣ ዓሣ ይላል።» በመጨረሻ ጥግ ላይ የተረሳ፣ አቧራ የለበሰ ሳንቃ አወጡ። ጀልባ ሠሪው መገጣጠሚያውን ሊደፍን የሬንጁን ጣሳ ሲያነሳ አባቴ «ኧረ ተው! እሱን አታስጠጋብኝ!» ብለው ጮኹ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ሣቅ ያዘኝ።

የክዳኑ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። አባቴ ቁራጭ ወረቀት ክዳኑ ሥር ያስገቡና ይስቡታል። ወረቀቱ ከወጣ ክዳኑ አልገጠመም ማለት ነው፤ እንደገና ይላጋል። አራት ጊዜ ተላገ። «አባትህ ጀልባ የሚያሠሩኝ ቢሆን ኖሮ ጣና ላይ የሚሰምጥ ሰው አይኖርም ነበር» አለኝ ጀልባ ሠሪው ላቡን እየጠረገ። አባቴ ሰሙትና እንደ ልጅ አፈሩ፤ ደስ እንዳላቸው ግን ያስታውቅ ነበር። የእሳቸውን ደስታ ባየሁ ቁጥር ውሸቴ ይከብደኝ ጀመር።

በባጃጅ ስንመለስ ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። «አባባ፣ ስለዚያ ቅጠል...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቅጠሉ ይቆይ» አሉኝ። «መጀመሪያ ሳጥኑ ይጠጣ።»

አዲስ እንጨት የተጠማ ስለሆነ ቅጠሉ ከገባ እርጥበቱን ይመጥበታል አሉ። ስለዚህ ባዶውን፣ ውስጡ የረጠበ ስፖንጅ በሳህን ተቀምጦለት፣ ሁለት ሳምንት ከረመ። አባቴ ጠዋትና ማታ ክዳኑን ገለጥ አድርገው የእጃቸውን አንጓ ያስገባሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፣ «ገና ነው» ይላሉ። ባለቤቴ «ሕፃን ያስተኙ ይመስላሉ» ብላ ትስቃለች። በአሥራ አምስተኛው ቀን «ደርሷል፤ ቅጠልህን አስገባ» አሉና ከክፍሉ ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ያን ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ባርኔጣቸውን አድርገው ከዘራቸውን አነሱ።

«እኔ እስከ ሐይቁ ደርሼ እመጣለሁ። አንድ ሰዓት ይበቃሃል?»

«ለምኑ?» አልኩ።

«ከታንከሩ ጀርባ አትቁም። እዚያ ንፋስ አለ፤ ቶሎ ይነድብሃል። በረንዳው ላይ ተቀመጥ።»

ወጥተው ሄዱ። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ከዚያ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር። የፈራሁት ዝምታ ይኼው ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ዝምታ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ሲመለሱ በር ላይ ደርሰው ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው ሳሉ። እኔም ሁሉንም ነገር አነሳሳሁና ተነሥቼ ተቀበልኳቸው፤ ስለ አየሩ አወራን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ሲጋሮቹ ለስለስ ብለው፣ የራሳቸውን ጣዕም ይዘው ይጠብቁኛል፤ እኔ በረንዳ ላይ እንደ ጌታ፣ አባቴ ሐይቅ ዳር።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ፣ ልክ በሰዓቱ፣ ዝናብ ወረደ። አባቴ ጃንጥላቸውን አነሱ።

«አባባ፣ ዛሬ ይቅርብዎ። ዝናብ ነው እኮ።»

«ቅዳሜ አይደል?» አሉና ወጡ።

ከበረንዳው ሆኜ አየኋቸው። ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ጭቃውን እየመረጡ ይሄዳሉ። ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ «ሐኪሙ ጉልበትዎ አይችልም፣ ብዙ አይራመዱ ብሏቸዋል» አለችኝ። «ለእሱ እንዳትነግሪ ብለውኝ ነው እንጂ።»

የያዝኩትን ሲጋር ሳጥኑ ውስጥ መለስኩና ሮጥኩ። መታጠፊያው ላይ ደረስኩባቸው።

«ምነው፣ ሳትጀምር ጨረስህ?» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

«ዛሬ ከእርስዎ ጋር መሄድ አማረኝ።»

ቆም አሉ። ዝናቡ ጃንጥላቸው ላይ ይወርዳል።

«ሳጥኑን ዘግተኸዋል?»

«ዘግቼዋለሁ።»

ክንዴን ያዙኝ። «እንግዲያ ሐይቁ ይቅር» አሉ። «እዚችው ሻይ ቤት ገብተን እንቀመጥ። ጉልበቴን አሞኛል።»