አባባ «ጎል ጎል ነው» ያለ ዕለት

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል የሆነ ነው። እስከ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሰዎች ስለ ኳስ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ያመልጠኛል። ጎኔ የተቀመጠ ሰው «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» ብሎ ያየኛል። ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ።

ሆሳዕና ከተማ መምህርት ነኝ። ታናሽ እህቴ መሠረት እኔ ጋ ሆና ነው የተማረችው። ኳስ ላይ እሷን የሚያቆማት የለም። አንድ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ አይቷት «አባቷ ፈቅጃለሁ ይበለኝና ነገውኑ ትጀምር» አለኝ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። አባባ ከሆሳዕና ራቅ ብላ ባለችው ቦኖሻ ገበሬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የተጣላ አስታራቂ። ኳስ ደግሞ ነፍሱ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከዲኤስ ቲቪ ቤቱ የፊት ወንበር አይጠፋም። የራሱ ልጅ ስትጫወት ግን? «ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ ሰው ፊት ልትሮጥ? አይሆንም!» አለ። እኔ ቦኖሻ ድረስ ሄጄ ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። ይባስ ብሎ፣ እምቢታም ቢሆን ፊት ለፊት ነው የሚነገረው ብሎ፣ ለአሰልጣኙ እምቢ ሊል ከእኔ ጋር ሆሳዕና ሊሄድ ተነሳ። መሠረት እዚያ እኔ ቤት ሆና ትጠብቃለች። ምን ብዬ እንደምነግራት ግራ ገባኝ።

ሚኒባሱ ገና ከቦኖሻ ሲወጣ ሬዲዮው ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። ከፊታችን የተቀመጡ፣ ሆሳዕና ሱቅ ያላቸው ነጋዴ «የዓለም አንደኛ ጎል አግቢ አርጀንቲናዊው ነው። ሌላው ወሬ ነው» አሉ።

አባባ ይህን ሰምቶ ዝም ሊል? በጭራሽ!

«ፖርቹጋላዊውስ? የሱን ጎል ቆጥረው ያውቃሉ?»

«የሪጎሬውን ይቀንሱ። በረሃ ሄዶ ደካማ ቡድን ላይ ያገባውንም ይቀንሱ። ከዚያ ምን ይተርፈዋል?»

«ምንም አይቀነስም!» አባባ ከወንበሩ ተነስቶ ጣራው ሊመታው ምንም አልቀረው። «ጎል ጎል ነው። መረቡን ነካ? ነካ። በቃ! ማን አገባው፣ ማን ላይ፣ የት፣ አይጠየቅም!»

ዕርቅ ላይ ሲቀመጥ የሚያወጣት ድምፅ ናት፤ አውቃታለሁ። እኛ አገር እንደ እሱ ያለ ሽማግሌ ሰው ፊት የተናገረውን አያጥፍም። ካጠፈ በማግስቱ ለዕርቅ ማን ይጠራዋል?

ነጋዴው ዞር አሉና ፈገግ አሉ።

«ማን አገባው አይጠየቅም አሉ አይደል? እንግዲያውስ ለብሔራዊ ቡድን በዓለም ላይ ብዙ ጎል ያገባው ወንድ አይደለም፣ ሴት ናት! እስቲ አንደኛ ናት ይበሉ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ጎኔ የነበረች ልጅ ስልኳን ነካካችና «ኧረ እውነታቸውን ነው!» አለች። ሳቁ ባሰ።

ሰውዬው አባባን ለመርታት ብቻ ነው ያሉት። የእኛን ቤት ጉድ በምን ያውቃሉ? አባባ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ናት!» አለ። «አንደኛ ናት! ምን ያስቃችኋል? እሷም ሮጣ፣ ላቧ ወርዶ፣ ወድቃ ተነስታ ነው ያገባችው። ጎል ጎል ነው!»

እንኳን ሰው ፊት፣ ቤትም ለአባባ መልስ አልሰጥም። ያን ቀን ግን አላስቻለኝም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ በሀዲይኛ፣ «አባባ፣ እሷም እኮ በቁምጣ ነው ያገባችው» አልኩት።

አላየኝም። ሆሳዕና እስክንገባ ፊቱን ከመስኮቱ አልመለሰም። አይ፣ አበላሸሁት አልኩ በልቤ።

ቡድኑ የሚለማመድበት ሜዳ ስንደርስ አሰልጣኙ ከሩቅ አይቶን ሮጦ መጣና ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። አባባ እጁን እንደያዘ ወደ ጎሉ ተመለከተ።

«ሪጎሬ የሚመታው ማን ነው?»

«ፔናሊቲ ነው አባቴ? እሱን ገና አልወሰንንም።»

«እንግዲያው የኔ ልጅ ትምታ» አለ።

አለቀስኩ። ምን ልደብቃችሁ፣ እዚያው ሜዳው ላይ አለቀስኩ።

መሠረት አሁን ትጫወታለች። ሽንፈትም አለ፣ ጉዳትም አለ፤ እሷ ግን ፊቷ በርቷል። የነጋዴውን ሱቅ ስለማላውቀው አላመሰገንኳቸውም። ይህን ካነበቡ ግን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክርክሩን ቢሸነፉም ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው የሠሩት።

አባባ ጨዋታ ሲኖራት ከቦኖሻ ይመጣል። የልምምድ ጎሏን ሳይቀር ይቆጥርላታል፤ «አይቀነስም» ይላል። ጎኑ ለቆመ የማያውቀው ሰው ሁሉ በጣቱ እያሳየ፣ «ያቺ በቁምጣ የምትሮጠው የኔ ልጅ ናት» ይላል። እኔም መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ከዚያ እንባዬ።