ክፈቱለት፣ ክፈቱላት

ሁለት ጊዜ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ይህን ዘልዬዋለሁ። አንባቢዬ፣ ከአንተ በፊት የሰማው ሰው የለም።

ኒድ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከወንዙ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አስታማሚ ነኝ። አቶ ቼን እዚያ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቻይንኛ የፊልም ድርሰት ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሰይፍ ፊልም፣ ቀልድ፣ የኦፔራ ታሪክ፣ ምኑ ቅጡ። የሌላ ሰው ድርሰት ሲበላሽም ስማቸው ሳይጠቀስ ይጠግኑ ነበር። እኔ ቻይና ስለተማርኩ ቋንቋቸውን እችላለሁ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የመጨረሻውን ድርሰት እየነገሩኝ ጻፍኩላቸው። ከራሴ ስጨምርበት ይቆጡኝ ነበር። «ዝናብ አታብዢ፤ ዳይሬክተሩ እኔን ነው የሚሰድበው» ይሉኛል።

በመጨረሻው ትዕይንት አንድ የታመመ አባት ለቤተሰቡ ይናዘዛል፦ «ታ ከመጣ በሩን ክፈቱ።» በቻይንኛ «እሱ»ም «እሷ»ም ሲነገር «ታ» ነው፤ የሚለየው ሲጻፍ ብቻ ነው። በእኛ በአማርኛማ «ክፈቱለት» ወይም «ክፈቱላት» ማለት ግድ ነው። እኔም የምጽፈው በቻይንኛ ፊደል ስለሆነ መለየት ነበረብኝ፤ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሴቷ ልጄ ናት» አሉኝ።

እኔ የወንዱን «ታ» ጻፍኩ።

ልጃቸው እዚሁ ከተማ፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር እየኖረች አንድ ቀንም መጥታ አታውቅም። የማጥባቸው እኔ፣ የማጎርሳቸው እኔ፣ ይቅርታው ለእሷ? ተናደድኩ። ቀናሁም። እኔ ራሴ አባቴን ካየሁ ስንት ዓመቴ ነው? ማን ፈራጅ አደረገኝ?

ከሞቱ በኋላ ዕቃቸውን ልትሰበስብ መጣች። የመጨረሻዋን ገጽ ቆማ አነበበች።

«ወንድሜን ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ገምቼ ነበር። አባቴ እኔንማ አይፈልገኝም» አለችና ወረቀቱን አልጋው ላይ ትታው ወጣች። ሊፍቱ እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆማለች። ልጠራት እችል ነበር። አልጠራኋትም።

የብዕር ስህተት ነው ልበል? አይደለም። እያወቅኩ ጻፍኩ፤ ዐይኗን እያየሁ ዋሸሁ። ሥራ በዛብኝ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ይህን ሁሉ ለራሴ ብየዋለሁ። ውሸት ነው። እንድትጎዳ ፈልጌ ነው ያደረግኩት፤ ተጎዳችም።

ወረቀቱ ጋሉስ ሰፈር፣ ቤቴ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት ዓመት ተቀምጧል። አድራሻዋን አውቀዋለሁ። ነገ ይዤላት እሄዳለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ያን ለመጠየቅ አፍ የለኝም። በሯን ብትዘጋብኝም አልፈርድባትም። ብቻ ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ትስማ፦ አባቷ ያሉት «ክፈቱላት» ነው።