ካታው ውስጥ ስንት ሰው አለ?

አሌክሳንድራ በሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ዓይነት ትንሽ ሱቅ አለችን። ከመሃል ጆሃንስበርግ ዕቃ የማመጣው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ታክሲ ተራ ላይ አንድ ሰው ኮሌታዬን አንቆ ስልኬን እስኪወስድብኝ ድረስ። ከዚያ ወዲህ ከተማ የምትወርደው ባለቤቴ ሆነች። ቁጣዬን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው እኔ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ቆሜ ዳቦ እሸጣለሁ፤ ዱላዬ ከባንኮኒው ስር ናት። ባለቤቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ካራቴ የጀመርኩት መማታት ልማር ብዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚያስተምሩን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ቁመታቸው ትከሻዬ ላይ የማይደርስ የዙሉ እናት። ሁላችንም ማማ እንላቸዋለን። ለወራት ያሠሩኝ ታዲያ አንድ ካታ ብቻ ነው፤ ካታ ማለት ብቻህን በቅደም ተከተል የምትሠራው እንቅስቃሴ ነው። ወደ ጎን ዞር ትላለህ፣ አንዱን ክንድ ወደ ታች ትጠርጋለህ፣ ሌላውን እጅ ጨብጠህ ወገብህ ላይ ትሰበስባለህ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ትዞራለህ። እኔ በልቤ ጠላቶቼን እቆጥር ነበር። አንዱ በግራ፣ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ በቀኝ እያልኩ ስጨርስ ስምንት ይሞላሉ። ታክሲ ተራውም በዓይኔ እንደዚያው ነበር፤ የቆመው ሁሉ ሌባ።

አንድ ቅዳሜ እልህ ያዘኝ።

«ማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ጭፈራ ነው። ስምንት ሰው ከከበበኝ ካታው ሳያልቅ እኔ አልቃለሁ» አልኳቸው።

«ስምንት?» ብለው ሳቁ። «ና እስቲ ማይ ፍሬንድ፣ ኮሌታዬን ያዝ።» የሱቅ ደንበኞቻችንም እኛን ሐበሻ ባለሱቆችን ሁሉ የሚጠሩን እንዲሁ «ወዳጄ» እያሉ ነው።

አሮጊት ማነቅ አሳፈረኝና ለይስሙላ ያዝኳቸው።

«እንደ ሌባው ያዝ!» ሲሉ አጠበቅኩ።

ያችኑ የመጀመሪያዋን እንቅስቃሴ ሠሩ። ፊት ለፊቴ የነበሩት ሴትዮ ዞር ሲሉ በጎኔ ሆኑ። ወገብ ላይ የሚሰበሰበው እጅ፣ ለጌጥ ነው የምለው፣ አንጓዬን ይዞ ነበር የሄደው። ወደ ታች የሚጠርገው ክንድ ደግሞ ክርኔ ላይ አረፈ። ወለሉን በአፍንጫዬ ልነካ ትንሽ ሲቀረኝ ያዝ አደረጉኝ። ትንፋሻቸው እንኳ አልጨመረም።

«ሁለተኛው ሰውዬ የታለ?» አሉ ጎንበስ ብለው።

«የለም።»

«ኖሮም አያውቅም። ያለው አንድ ሰው ነው። የምትዞረው ሌላ ስለመጣብህ ሳይሆን ከእሱ መንገድ ለመውጣት ነው። እኔ ሆስፒታል ራሱን የሳተ በሽተኛ ሲያንቀኝ ልመታው ኖሯል እንዴ? እጁን አስለቅቄ ዞር እላለሁ፤ ከዚያ ትራሱን አስተካክልለታለሁ።»

ይህን ካታ ያወጡትን የጥንት ሰዎች ብልሃት አደነቅኩ፤ ከእነሱ ይልቅ ግን፣ በዚያ አንድ እንቅስቃሴ ስንቱን በሽተኛ ሳይጎዱ የኖሩትን እኚህን ሴትዮ። ለወራት ስዘል የከረምኩት እሳቸው አጠገብ ቆሜ መሆኑ አናደደኝም፣ አሳቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴን «ዛሬ እኔ እሄዳለሁ» አልኳት። ዱላዬን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። ዱላዋን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ታክሲ ተራው ላይ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ እየሮጠ ቀጥታ መጣብኝ። እግሬ እኔን አልጠበቀም፣ ዞር አለ። ሰውዬው በጎኔ አለፈና ሊነሳ የነበረውን ታክሲ በር ያዘ። ከውስጥ ሆኖ «ሶሪ፣ ባባ!» አለኝ።

ማታ ባለቤቴ ካርቶኖቹን እየተቀበለችኝ «ሰው ገጠመህ?» አለችኝ።

«አንድ ሰው።»

ደነገጠች። «ምን አደረገህ?»

«ምንም። ታክሲ ሊያመልጠው ነበር» አልኳት፤ ዱላዋ በእጄ ብትሆን ኖሮ ግንባሩን እለው እንደነበር ግን አልነገርኳትም። በማግስቱም የሄድኩት እኔ ነኝ።